ሞተሪኖ

የአባታችን ፊያት፣ ያቺ ሰይቼንቶ፣
ደጃፍ ታድር ነበር አፍንጫዋ ቁልቁል ወደ አዌቱ ተደፍቶ።
ሞተሪኖዋ ሞቶ ሦስት ክረምት አልፏል፤
«ቁልፍ ለሰነፍ ነው፤ ጅማ ላይ ለኖረ ቁልቁለት መች ጠፍቷል?»
እያለ ይስቃል፤ የማሠሪያውን ግን ኪሱ ብቻ ያውቃል።

ማለዳ። ጉሙ ከሄርማታ ገና አልተነሳም።
«ልጆች!» ይላል አባ፤ ቦታውን ማንም አይረሳም፦
ሙዘይን በግራ፣ እኔ ከመካከል፣
ነጂባ በቀኝ፤ ታናሽ ናት፣ ግን እሷን የሚያህል
ገፊ አልነበረም።
ሞተሯ ከኋላ ነው፤ መዳፋችን መጀመሪያ የሚነካው የጤዛ ብረት፣
ሙቀቱ ኋላ ነው፣ ከተነሳች በኋላ፣ እንደ ምርቃት።

ማርሽ ሁለት። ፍሪሲዮን። «ግፉ! ግፉ! ግፉ!»
ጎረቤቶች በየበሩ፣ መፋቂያ በአፋቸው፣ ለትርኢት ተሰለፉ።
አንዴ ታስላለች፣ ሁለቴ ታስላለች፣
ሦስተኛው ላይ ጭሷን ፊታችን ላይ ተፍታ ነፍስ ትዘራለች።

«ካቆምኩ ትሞታለች!» ይላል በመስኮት፤
እየሮጥን መዝለል ነው እንግዲህ፣ አንድ በአንድ መግባት።
አንድ ቀን ነጂባ ግራ እግሯ ባዶ ሆኖ ገባች፣
ጫማዋ ፈረንጅ አራዳ መታጠፊያው ላይ ቀረች።
አላለቀሰችም። አንዲቷን ታቅፋ ትምህርት ቤት ደረሰች።

እሁድ፣ ቤንዚን ከተረፈ፣ አውሮፕላን ሜዳ እንሄዳለን፤
አጥሩ ስር ቁልቁለት መርጦ ያቆማትና ወርደን እንጠብቃለን።
ዘበኛው ላሞቹን ከሜዳው አባሮ ገና ሳይመለስ
ዳኮታው ይመጣል፣ ሣሩን እያስተኛ፣ አጥሩን አቧራ ሲያለብስ።
«አባ፣ አንተስ መቼ ነው የምትሳፈር?»
«እኔ?» አለ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ እንዳይበር፤
«ተገፍቶ የማይነሳ ነገር ላይ አልወጣም።»
አልወጣም። መቃብሩም ቁልቁለት ላይ ነው፤ ይህን እንኳ አላጣም።

ከዚያ ፔጆ መጣች፣ አራት መቶ አራት፣
ጊቤ በረሃ ላይ በሦስት ጀሪካን ውሃ የምናስታምማት፤
ከዚያ ዘመን መጣ፣ ቀበሌ በደብዳቤ ወሰዳት።
ማህተሙ ትልቅ ነበር። ደረሰኝ የለም።
ሰይቼንቶዋን ግን ማንም አልፈለጋት፤
ከመካኒኩ ከጋሽ ደገሙ ጓሮ ዱባ ወጣባት።

አሁን እኔ ራሴ ሰባ አንድ ሞላኝ።
ባለፈው ሰኔ፣ ሱቅ ቆሜ፣ ልክ እንደሷ ቀጥ አልኩ፤ ሰው ነው ያነሳኝ።
«ልብህ ትዘገያለች» አለ ሐኪሙ፤ ያሳየኝ መስመር
የጊቤን መንገድ ይመስላል።
ደረቴ ውስጥ ባትሪ ቀበሩልኝ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል።
ስኳሩም አለ፣ ደም ግፊቱም፤ ጠዋት አራት፣ ማታ ሦስት ክኒን፤
ዘይቱን፣ ውሃውን ሳላይ ከቤት አልወጣም አሁን።
ነጂባም ጉልበቷ እንደ ፍሬን ሸራ አልቆ፣ ስትራመድ ይጮሃል፤
ስንደዋወል ስለ ልጅ አናወራም፤ «የቱ ክኒን ይሻላል?»
ሙዘይን የለም።
እሱ በግራ ነበር።

ዛሬ ለምርመራ አዲስ አበባ በራሪ ነኝ፣ ነጂባ አብራኝ።
በማሽኑ አልፍ ዘንድ ጥበቃዋ አዘዘችኝ፤
ካርዴን አሳየኋት። «አባባ፣ ምንድን ነው?» ጣቷ ወደ ደረቴ።
«ሞተሪኖ» አልኳት። ሳይገባት ሳቀች፤ አለፍኩ፣ ከነባትሪዬ፣ ከነሽበቴ።

አውሮፕላኑ ሜዳው ጫፍ ደርሶ ዞረ። ቆመ። አጓራ።
ላም የለም። ቁልቁለት የለም። ለጥ ያለ አስፋልት ነው፣ ቀኝም ግራ።
ማን ነው የሚገፋው?
ሳላስበው የፊቴን ወንበር ጀርባ በሁለት መዳፌ ተጭኜ
እገፋለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ።

ሰውዬው ዞሮ አየኝ። ይቅርታ ልለው ስል መሬት ከሥራችን ለቀቀ፤
የጅሬን ዳገት ጋደል አለ፣ አዌቱ እንደ ሽቦ ብልጭ ብሎ ራቀ።
ነጂባ አይታኝ ሳቀች፤
ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ጉልበቷ እየጮኸ፣
ግራ ጫማዋን አጠበቀች።